ፎቶዳዮድን ለኤክስሬይ መለኪያነት እንዴት እንፈትሻለን?

ቢፒደብሊው34 (BPW34) የሚባለው ፎቶዳዮድ፣ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይር ዕቃ፣ ከጣት ጥፍር ያንሳል። የተሠራው ለብርሃን ነው። ኤክስሬይ ሲያርፍበትም ግን ምልክት ይሰጣል። ሲሊከን ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን ለማስለቀቅ 3.6 ኤሌክትሮንቮልት (የኃይል መለኪያ) ገደማ ይበቃል። አሜሪሲየም-241 የተባለው ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር የሚለቀው የ59.5 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ጨረር ታዲያ 16,500 ያህል ኤሌክትሮን ያስለቅቃል። ብዙ ይመስላል እንጂ ኢምንት ነው፤ ትንሽ ኖይዝ (የማይፈለግ የኤሌክትሪክ ሁከት) ይውጠዋል። እዚህ ድሬዳዋ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ኖይዝ ያመጣል።

ቢያንስ አምስት ዳዮድ ግዙ፤ ከአንድ ፓኬት የወጡትም እኩል አይደሉም። እኔ ሽፋኑ ጥርት ያለውን እመርጣለሁ። ጥቁሩ የሚከለክለው በዓይን የሚታየውን ብርሃን ብቻ ነው፤ ኢንፍራሬድ (ዓይን የማያየው ብርሃን) ያልፈዋል። ሁሉንም ቁጥር ስጧቸው። በአልኮል ጥረጉና ከዚያ በኋላ በጣት አትንኩ። በግንቦት ላብ የነካው ዳዮድ በሁለት እግሮቹ መካከል ከረንት ያሾልካል።

አሁን ዋናው፦ የሊኬጅ ከረንት፣ ማለትም ብርሃን ሳይኖር በዳዮዱ የሚሾልከው ከረንት። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ብዙ ዲጂታል መልቲሜትሮች ቮልት ላይ ሲሆኑ የውስጥ ሬዚስታንሳቸው 10 ሜጋኦም ነው። በጣም ርካሾቹ 1 ሜጋኦም ሊሆኑ ስለሚችሉ መመሪያውን እዩ። የ12 ቮልት ባትሪ፣ ዳዮዱንና መልቲሜትሩን በተከታታይ አገናኙ። የዳዮዱ ካቶድ (ኔጌቲቭ እግሩ) ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ይዙር። 10 ሚሊቮልት ካነበበ ሊኬጁ 1 ናኖአምፒር ነው። ጥሩ ዳዮድ ጥቂት ናኖአምፒር ላይ ይቆማል።

ዳዮዱ ግን ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ መሆን አለበት። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። የወተት ጣሳ ውስጥ አስገብቼ በፕላስቲክ ክዳኑ ዘጋሁት። ከ400 ሚሊቮልት በላይ አነበበ። አንዱን ስቀይር ሌላውም ያው። የተበላሸ ዕቃ ነው ብዬ ስድስቱን ጣልኳቸው። ሰባተኛውን ማታ ስለካ መብራት ጠፋ። ቁጥሩን ለማየት ስልኬን አበራሁ፤ 15 ላይ ነበር። ዓይኔ እያየ ከስልኩ ብርሃን ጋር ወደ ላይ ወጣ። ክዳኑ ብርሃን ያሳልፍ ነበር! ስድስቱ ዳዮዶች ምንም አልነበረባቸውም።

ስለዚህ የብረት ክዳን ተጠቀሙ፤ ሽቦው የሚገባበትን ቀዳዳም በጥቁር ቴፕ ድፈኑ። ከዚያ የስልክ ባትሪ አብርታችሁ በክዳኑ ዙሪያና በሽቦው ሥር ቀስ እያላችሁ አዙሩ። ቁጥሩ ንቅንቅ ካለ ገና አልተዘጋም። ጨረሩ ለሚገባበት መስኮት ሁለት ድርብ የወጥ ቤት ፎይል ይበቃል። ብርሃኑን ያቆማል፤ ኤክስሬዩን ብዙም አይቀንሰውም። ፎይሉን ከጣሳው ጋር ግራውንድ ካደረጋችሁት የመብራት መስመሩን 50 ኸርዝም ይከላከላል።

ሰዓትም ልብ በሉ። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ገደማ ሲጨምር ሊኬጁ እጥፍ ይሆናል። አንዱን ዳዮድ ንጋት 12 ሰዓት፣ ሌላውን ከቀኑ 9 ሰዓት ለክቶ ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። በበረዶ ለማቀዝቀዝ አትቸኩሉ፤ ጤዛው ከሙቀቱ ይብሳል።

ዝቅተኛ ሊኬጅ ያላቸውን ሁለት ሦስት ምረጡና ከቻርጅ ፕሪአምፕ (ኢምንቱን ምልክት ከሚያጎላ ሰርኪዩት) ጋር አገናኙ፤ ሽቦው ይጠር። ለዳዮዱ የምትሰጡትን ቮልቴጅ ከ5 ቮልት ጀምራችሁ ከፍ አድርጉ። የዳዮዱ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅሙ) ሲቀንስ ኖይዙም ይቀንሳል፤ ሊኬጁ ሲያሸንፍ ግን መልሶ ይጨምራል። ዝቅተኛው ቦታ ላይ አቁሙ። እኔ ከ24 ቮልት አላልፍም።

ጨረር አመንጪውን ፈቃድ ካለው ላብራቶሪ፣ በባለሙያው ፊት ብቻ ተጠቀሙ። የጭስ ጠቋሚ ፈትቶ ማውጣት ፈጽሞ አይሞከርም፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው አሜሪሲየም ሰውነት ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው።

በጨረሩ የኃይል ግራፍ ላይ የ59.5 ጫፍ ትንሽ ብትሆን አትደንግጡ፤ አብዛኛው ጨረር ቀጭኑን ሲሊከን ሰንጥቆ ያልፋል። እኔ የምፈርደው አሜሪሲየሙ በሚሰጣቸው የ13.9 እና የ17.8 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት መስመሮች ነው። ሁለቱ ተለያይተው ከታዩ ዳዮዱን አስቀምጡት። አንድ ጉብታ ሆነው ከተደባለቁ ወደሚቀጥለው ቁጥር እለፉ።