የትንሽ መንደር ከንቲባ ለነዋሪው በሚያወጣው መግለጫ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትንሽ መንደር የሚያስተዳድር ከንቲባ የሚያደርገውን ሁሉ የሚከታተል ጋዜጠኛ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ ለነዋሪው የሚያወጣው መግለጫ፣ ስለ አካባቢው አስተዳደር ሕዝቡ እጅ የሚገባ ብቸኛው ጽሑፍ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። በፈረንሳይ ብቻ ወደ 35,000 የሚጠጉ ኮምዩኖች፣ ማለትም የራሳቸው ከንቲባና ምክር ቤት ያላቸው ዝቅተኛ የአስተዳደር አካባቢዎች፣ ያሉ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከ1,000 ያነሰ ነዋሪ ያላቸው ናቸው። እንዲህ ባለው ቦታ መግለጫውን የሚጽፈው የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ሳይሆን ራሱ ከንቲባው ወይም የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኛውን ጊዜ ከክፉ ሐሳብ ሳይሆን ከልማድ የሚመጡ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ነዋሪው በአስተዳደሩ ላይ ያለውን እምነት ቀስ በቀስ ይሸረሽራሉ።

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ጉዳዩ ከተወሰነ በኋላ ማሳወቅ ነው። የገበያው ቦታ እንደሚዛወር ወይም የውኃ ክፍያ እንደሚጨምር ነዋሪው የሚሰማው ምክር ቤቱ ድምፅ ከሰጠ በኋላ ከሆነ፣ የቀረው ነገር ዝም ብሎ መቀበል ወይም መቆጣት ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናው መግለጫ ከስብሰባው በፊት መውጣት አለበት፤ የሚታየውን ጉዳይ፣ የቀረቡትን አማራጮች፣ የእያንዳንዱን አማራጭ ወጪ፣ የስብሰባውን ቀንና ቦታ እንዲሁም አስተያየት የሚሰጥበትን የመጨረሻ ቀን መያዝ ይኖርበታል። በስዊዘርላንድ የግላሩስ ካንቶን (ክፍለ ግዛት) መራጮች በየዓመቱ እ.ኤ.አ. በሜይ ወር በአደባባይ ተሰብስበው እጅ በማውጣት ይወስናሉ፤ የሚወሰኑት ጉዳዮች ከነማብራሪያቸው በመጽሐፍ መልክ ታትመው አስቀድመው ይደርሷቸዋል፤ በስብሰባውም ላይ ማንኛውም መራጭ ተነሥቶ የማሻሻያ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል። በሕንድም እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው 73ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በመንደሩ የመራጮች መዝገብ የተመዘገቡትን ሁሉ የሚያቅፈውን የመንደር ጉባኤ፣ ማለትም ግራም ሳባን፣ ሕገ መንግሥታዊ ቦታ ሰጥቶታል። የሁለቱ አገሮች ሥርዓት እጅግ የተለያየ ቢሆንም፣ ሁለቱም ነዋሪው ውሳኔው ሳያልፈው የሚናገርበት ቦታ ሊኖረው ይገባል ከሚል መነሻ የተነሡ ናቸው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ስህተት ሐሳብን፣ ውሳኔንና ሥራን አለመለየት ነው። ከንቲባው ያሰበው መንገድ፣ ምክር ቤቱ ያጸደቀው መንገድና ተቋራጩ የጀመረው መንገድ በአንድ አንቀጽ ተደባልቀው ሲቀርቡ፣ አንባቢው ሦስቱንም እንደተሠሩ ይቆጥራቸዋል። እያንዳንዱ ጉዳይ የትኛው ደረጃ ላይ እንደደረሰና ውሳኔው የማን ሥልጣን እንደሆነ በግልጽ መጻፍ አለበት። ብዙ ጉዳዮች፣ ለምሳሌ ዋና መንገድ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር፣ ከመንደሩ በላይ ባለ አካል እጅ ናቸው፤ ይህን ያላወቀ ነዋሪ አቤቱታውን ሊመልስለት ለማይችል ሰው ሲያቀርብ ይኖራል።

ገንዘብን በተመለከተ የሚሠራው ስህተት የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። «ለትምህርት ቤቱ ከፍተኛ በጀት ተመድቧል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለነዋሪው የሚነግረው ነገር የለም። ሊነገረው የሚገባው የተያዘው በጀት ስንት እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ ስንት ወጪ እንደሆነ፣ ምንጩ ከየት እንደሆነና ልዩነት ካለ በምን ምክንያት እንደመጣ ነው። ምንጩን መግለጽ የሚያስፈልገው ለአንድ ሥራ ብቻ የተሰጠ ድጋፍ ብዙውን ጊዜ ወደ ሌላ ሥራ ሊዛወር ስለማይችል ነው፤ ይህ ካልተብራራ «ጣሪያው እያፈሰሰ አደባባይ ይሠራሉ» የሚለው ቅሬታ በቅንነት የሚቀርብና መልስ ያላገኘ ቅሬታ ሆኖ ይቀራል። ለግንባታ የሚውለው ካፒታል በጀትና ለደመወዝ፣ ለጥገናና ለመሳሰሉት የሚውለው መደበኛ በጀትም ተለይተው መቅረብ አለባቸው። አዲስ ጤና ጣቢያ ሲመረቅ የግንባታው ወጪ ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚያስፈልገው የሠራተኛ ደመወዝ፣ የመብራትና የጥገና ወጪ ግን አይነሣም፤ ሕንፃው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲያረጅ ነዋሪው የሚጠይቀው ይህንኑ ያልተነገረውን ወጪ ነው። የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ነዋሪዎች የበጀቱን ቅደም ተከተል በየሰፈራቸው ተሰብስበው እንዲወያዩበት ማድረጓ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለ ውይይት የሚቻለው ግን ሰዎቹ ስለ ቁጥሮቹ አስቀድመው የሚያውቁ ከሆነ ብቻ ነው፤ በእኔ እምነት በአንድ ገጽ ላይ በግልጽ የተጻፈ የገቢና የወጪ ሰንጠረዥ ከአሥር ገጽ የሥራ ክንውን ትረካ ይበልጣል።

የማጠናቀቂያ ቀን ብቻ መናገርም ስህተት ነው። ጨረታ ሊሰረዝ፣ ዕቃ ሊዘገይ፣ ዝናብ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ቀኑን ከመጥራት ይልቅ የቀሩትን ደረጃዎችና የሚቀጥለውን እርምጃ መናገር ይሻላል፤ መዘግየቱ ሲታወቅም ነዋሪው ከመጠየቁ በፊት መግለጽ ይገባል።

በአደጋ ጊዜ የሚወጣ መግለጫ ደግሞ ከሌሎቹ ሁሉ በተለየ ሁኔታ መጻፍ አለበት፤ የሚሠራው ስህተትም ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። የመጠጥ ውኃ ሲበከል «ነዋሪዎች አስፈላጊውን ጥንቃቄ ያድርጉ» ማለት ኃላፊነትን ከራስ ማውረድ እንጂ ማስጠንቀቅ አይደለም። ብክለቱ በጀርም የመጣ ከሆነ ውኃው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ ቢያንስ ለ1 ደቂቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማና ከዚያም ከፍ ባለ ቦታ ደግሞ ለ3 ደቂቃ መፍላት እንዳለበት መጻፍ ያስፈልጋል። ብክለቱ በኬሚካል ወይም እንደ እርሳስ ባለ ብረት የመጣ ከሆነ ግን ማፍላት አይጠቅምም፤ ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ሳይገልጹ «አፍልታችሁ ጠጡ» ማለት ራሱ አደገኛ ነው። የትኞቹ ሰፈሮች እንደሚመለከታቸው፣ ንጹሕ ውኃ የት እንደሚገኝ፣ የሚቀጥለው መረጃ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ እና ማስጠንቀቂያው ሲነሣ በምን መንገድ እንደሚታወቅ በመጀመሪያዎቹ መስመሮች መቀመጥ አለበት። የከንቲባው የማጽናኛ ቃል ከዚህ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

የሰዎችን የግል ጉዳይ ማውጣት በትንሽ መንደር ከሌላ ቦታ ይልቅ ይጎዳል። ስም ሳይጠራ እንኳ «አንዲት የአምስት ልጆች እናት የምግብ ድጋፍ ተሰጣት» የሚለው ሴትዮዋን ለሁሉም ያጋልጣል። ተረጂዎችን፣ ግብር ያልከፈሉትንና በክርክር ላይ ያሉ ጎረቤታሞችን የሚመለከት መረጃ በጥቅሉ ብቻ መቅረብ አለበት፤ ቁጥሩ በጣም ትንሽ ከሆነም ባይነሣ ይመረጣል። ልደት፣ ጋብቻና ሐዘን የማኅበረሰቡ ሕይወት አካል ስለሆኑ በመግለጫው ቢካተቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቤተሰቡ አስቀድሞ ፈቃዱን ሊጠየቅ ይገባል።

የምርጫ ቅስቀሳን ከአስተዳደር መግለጫ ጋር ማደባለቅም መቅረት አለበት። በሕዝብ ገንዘብ የሚታተም ጽሑፍ ተቃዋሚ የምክር ቤት አባላት ያነሡትን ሐሳብና የሰጡትን ድምፅ ጭምር ሊይዝ ይገባል።

መግለጫውን በአንድ መንገድ ብቻ ማሰራጨት ደግሞ አረጋውያንን፣ ማንበብ የማይችሉትንና ስልክ የሌላቸውን ያስቀራል። በማስታወቂያ ሰሌዳ መለጠፍ፣ በስብሰባ ላይ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብና ቅጂውን በጽሕፈት ቤቱ ማስቀመጥ ብዙ ወጪ የለውም።

በመጨረሻ የማነሣው ነዋሪው ላቀረበው ጥያቄ መልስ አለመስጠትን ነው። ባለፈው ስብሰባ የተነሡት ጥያቄዎች በሚቀጥለው መግለጫ እያንዳንዳቸው ከነመልሳቸው መታየት አለባቸው፤ መልስ ያልተገኘለትም ከዝርዝሩ ሳይወጣ፣ ጉዳዩ በማን እጅ እንዳለና መቼ እንደገና እንደሚታይ ከጎኑ ተጽፎ፣ መልሱ እስኪገኝ ድረስ በየመግለጫው ሊቀጥል ይገባል።