በደን ዳር ከውሻ ጋር መኖር፦ ውሻንም አራዊትንም ለመጠበቅ የሚረዳ መመሪያ

ደን በሚያዋስነው መንደር ውሻ የሚያሳድግ ሰው ኃላፊነቱ ሁለት ነው፤ ውሻውን ከአራዊት ይጠብቃል፣ አራዊቱንም ከውሻው ይጠብቃል። ብዙ ሰው የሚያስበው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ጅብ ወይም ነብር ውሻውን እንዳይወስድበት ይሰጋል እንጂ፣ ማለዳ ገመዱ የተፈታለት ውሻ በሣር ውስጥ የተኛችን የሚዳቋ ግልገል ሊገድል እንደሚችል፣ ወይም ያልተከተበ ውሻ የጫካውን እንስሳት የሚፈጅ በሽታ ይዞ ሊገባ እንደሚችል አያስብም። ውሻ የግቢውን ወሰን ቢያውቅም የደኑን ወሰን አያውቅም፤ ያንን የሚያበጅለት ባለቤቱ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከክትባት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቡችላው ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው ይሰጣል፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ይደገማል፣ ከዚያ ወዲህ እንደ ክትባቱ ዓይነትና እንደ አካባቢው ደንብ በየዓመቱ ወይም እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ይታደሳል። ዲስቴምፐር የተባለውን በሽታ የሚከላከለው ክትባትም አብሮ መሰጠት አለበት፤ ይህ በሽታ ከውሻ አልፎ ቀበሮንና አንበሳን ያጠቃልና። እ.ኤ.አ. በ1994 በታንዛኒያው የሴሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ በዚሁ በሽታ ከአንበሶቹ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት አልቀዋል፤ በሽታው የተነሣው በዙሪያው መንደሮች ከሚኖሩ ውሾች እንደሆነ ይታመናል። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮም ከውሾች በተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ተመትቷል። ስለዚህ አንድ ባለቤት ውሻውን ሲያስከትብ ለራሱ ቤት ብቻ የሚያደርገው አድርጎ እንዳይቆጥረው እፈልጋለሁ።

ውሻዎ ከዱር እንስሳ ጋር ከተናከሰ የተከተበ ቢሆንም እንኳ በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት፤ ሐኪሙ ተጨማሪ ክትባት ሊያዝ ይችላል። ፀጉሩ ላይ የሌላው እንስሳ ምራቅ ሊኖር ስለሚችል ጓንት ሳያደርጉ አይንኩት። ሰው ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያጥቡና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ከመታየቱ በፊት በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ሕይወት ያድናል።

አራዊትን ወደ ግቢ የሚስበው በአብዛኛው ምግብ ነው። በሳህን ያደረ የውሻ ምግብ ለጅብ፣ ለቀበሮና ለአይጥ ግብዣ ይሆናል፤ አይጡን ፍለጋ ደግሞ እባብ ይከተላል። ስለዚህ ውሻውን በተወሰነ ሰዓት ይመግቡ፣ በልቶ እንደጨረሰ ሳህኑን ያንሱ፣ የምግቡን ከረጢት ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ከትተው ቤት ውስጥ ያኑሩ፣ ቆሻሻውን በሚሰበሰብበት ቀን ጠዋት እንጂ ከዋዜማው ማታ አያውጡ፣ ከዛፍ የረገፈውንም ፍሬ ይልቀሙ። ቀበሮን ወይም ጦጣን ሆን ብሎ መመገብ ደግነት አለመሆኑን ደግሞ አጥብቄ እናገራለሁ። ከሰው እጅ መብላት የለመደ እንስሳ ፍርሃቱን ያጣል፣ እየቀረበ ይሄዳል፣ ውሎ አድሮ አስቸጋሪ ተብሎ በሰው ይገደላል።

አጥር ሲሠሩ ከፍታውን ብቻ አይመልከቱ። ብዙ እንስሳ ከላይ ከመዝለል ይልቅ ከሥር መቆፈር ስለሚቀለው የሽቦውን መረብ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ መሬት መቅበር ወይም ከአጥሩ ሥር ወደ ውጭ አጥፎ በድንጋይ መጫን ያስፈልጋል፤ ዝናብ ከጣለ በኋላም ዙሪያውን እየተዘዋወሩ የተሸረሸረ ቦታ መኖሩን ይፈትሹ። ነብርን ግን አጥር አያቆመውም። በመሆኑም ውሻው ጣሪያና የሚዘጋ በር ባለው ቤት ማደር አለበት። ሌሊት በሰንሰለት ታስሮ ደጅ የሚያድር ውሻ መሸሽም ሆነ መከላከል አይችልም፤ ከዚህ የከፋ አያያዝ አላውቅም። ለጥበቃ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይሁን እንጂ ጥበቃው ያለው በውሻው ጆሮና ድምፅ ስለሆነ በሩ ተዘግቶበትም ሰምቶ ይጮኻል፣ ቤተሰቡንም ያነቃል።

ወደ ደኑ ለመሄድ ፀሐይ በደንብ የወጣችበትን ሰዓት ይምረጡ፤ ብዙዎቹ የዱር እንስሳት በጣም የሚንቀሳቀሱት ጎሕ ሲቀድና ጀንበር ስትጠልቅ ነው። በመንገዱ ላይ ሁለት ሜትር የሚሆን ገመድ ይበቃል። ገላጣ ቦታ ላይ ትንሽ ነፃነት ሊሰጡት ሲፈልጉ 10 ሜትር የሚደርስ ረጅም ገመድ ይጠቀሙ፤ እርሱን ግን በአንገት ማሰሪያው ላይ ሳይሆን በደረት ማሰሪያው ላይ ይሰኩት፤ በሙሉ ኃይሉ ሲሮጥ ድንገት ቢያዝ አንገቱ ይጎዳልና። ገመዱን እጅዎ ላይ አይጠምጥሙት።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ሲጠራ የመመለስ ትምህርት ነው፤ አንድ ውሻ በደን ዳር በሰላም መኖሩ በዚህ ላይ የቆመ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ለጥሪው ብቻ የሚያገለግል አንድ ቃል ይምረጡ፤ ያንን ቃል ለቁጣም ሆነ ለሌላ ነገር አይጠቀሙበት። በመጀመሪያ ሐሳቡን የሚከፋፍል ነገር በሌለበት ቤት ውስጥ ከሁለትና ከሦስት እርምጃ ርቀት ይጥሩት፤ በመጣ ቁጥር ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን ቁራሽ ይስጡት። ይህ ሲጸና ወደ ግቢው ይውጡ፣ ከዚያም በረጅም ገመድ እንደታሰረ ወደ ደኑ ዳር ይሂዱ። በአንዱ ደረጃ ሁለት ጊዜ ጠርተውት ካልመጣ ትምህርቱ ስለፈጠነበት ነውና ወደ ቀድሞው ደረጃ ይመለሱ። ዘግይቶ ሲመለስ ፈጽሞ አይቅጡት፤ ውሻ ቅጣቱን የሚያያይዘው ቀደም ሲል ከመሸሹ ጋር ሳይሆን አሁን ከመምጣቱ ጋር ስለሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ጨርሶ ላይመጣ ይችላል። በደንብ የተማረ ውሻም ቢሆን የምትሮጥ ሚዳቋ ካየ በኋላ ላይሰማ ይችላል። መጥሪያው ጊዜ ከሩጫው በፊት ያለችው አጭር ቅጽበት ናት፤ ውሻው ቆም ብሎ አፉን ሲገጥም፣ ጆሮውን ወደፊት ሲያቀና፣ ጅራቱም ሲደርቅ ወዲያው ይጥሩት።

ከትልቅ እንስሳ ጋር ፊት ለፊት ከተገናኙ አይሩጡ፤ ገመዱን አሳጥረው፣ ትንሽ ውሻ ከሆነ ታቅፈው፣ ፊትዎን ሳያዞሩ በዝግታ ወደ ኋላ ይሽሹ። የዝንጀሮ መንጋ ሲያዩ ከሩቁ መንገድ ይቀይሩ፤ የወንዱ ዝንጀሮ ክራንቻ ትልቅ ውሻን ሊገድል ይችላል። ቡችሎቿን በጎሬ ያስቀመጠች ቀበሮ ውሻን እየተከተለች ብትጮኽበት ከአካባቢው እንዲርቅ መጠየቋ ስለሆነ እሺ ብሎ መራቅ ይገባል።

የጃርት እሾህ የወጋው ውሻ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት፤ እሾሁን መቁረጥ ማውጣቱን ከማክበዱ በላይ ስብርባሪው ሥጋ ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል። እባብ ከነደፈው የአንገት ማሰሪያውን ያውልቁ፣ ሳይራመድ ተሸክመው በፍጥነት ወደ ሐኪም ያድርሱት፤ ቁስሉን መብጣት፣ መምጠጥ ወይም በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ጉዳቱን ያባብሳል። ጥንብ እንዳይበላም ይከልክሉት፤ ጥንቡ ላይ ለአራዊት የተጨመረ መርዝ ሊኖር ይችላል፣ በእንስሳ የሆድ ዕቃ ውስጥ ያሉ የትል እጮችም በውሻው በኩል ወደ ሰው ይሻገራሉ።

ከደን ሲመለሱ መዥገር ይፈልጉ። ጆሮውን፣ ከአንገት ማሰሪያው ሥር፣ ብብቱን፣ ብሽሽቱን፣ የጣቶቹን መሐልና የጅራቱን ሥር በጣትዎ እየዳሰሱ ይመልከቱ። የተጣበቀውን መዥገር ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘው ሳያጣምሙ ቀስ ብለው ይሳቡት፤ በእሳት መለብለብ ወይም ዘይት መቀባት መዥገሩ በሽታ አምጪ ፈሳሹን ወደ ውሻው እንዲተፋ ሊያደርገው ይችላል። ብዙዎቹ መዥገር ወለድ በሽታዎች የሚተላለፉት መዥገሩ ለሰዓታት ከተጣበቀ በኋላ ስለሆነ በዚያው ቀን መንቀሉ ብዙ ያድናል።

ውሻዎ በሣር ውስጥ ብቻዋን የተኛች ግልገል ካገኘ እናቷ የጣለቻት አይምሰልዎት። የሚዳቋና የድኩላ እናት ልጇን ሸሽጋ ለግጦሽ ትሄዳለች፤ ግልገሏም ጠላት እንዳያያት ሳትንቀሳቀስ ትጠብቃለች። አይንኳት፣ አያንሷት፣ ሰው እንዲያይም አይጥሩ። ውሻውን በአጭር ገመድ ይዘው በመጡበት ይመለሱ፣ ለጥቂት ሳምንታትም በሌላ መንገድ ይሂዱ።