በትርኢት መሀል የሚያስቸግሩ የድሮ ፒንቦል ማሽኖች፦ ችግርና መፍትሔ

የድሮ ፒንቦል ማሽን (ኳስ ዘንበል ባለ ሰሌዳ ላይ እየመቱ ነጥብ የሚሰበስቡበት የጨዋታ ማሽን) በሰብሳቢዎች ትርኢት ላይ ሲያስቸግር፣ መንስኤው በአብዛኛው በጉዞ የደረሰበት መንገጫገጭ ወይም ለሰዓታት ያለ ፋታ መሥራቱ ስለሆነ፣ ዕቃ ከመቀየር በፊት የላላውንና የቆሸሸውን መፈተሽ ይገባል። የሚከተለው በዋናነት የሚመለከተው በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚንቀሳቀስ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚሠሩትን፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ በፊት የተመረቱትን ነው። ማንኛውም ጥገና የሚጀመረው መሰኪያውን ከነቀሉ በኋላ ነው።

ፍሊፐሩ (ኳሷን የሚመታው ክንድ) ይደክማል። ጠዋት በኃይል ይመታ የነበረ ፍሊፐር ከሰዓት በኋላ ኳሷን ወደ ሰሌዳው አናት ማድረስ ሲሳነው ብዙዎች ኮይሉን (ፍሊፐሩን የሚያንቀሳቅሰውን የሽቦ ጥቅል) ይቀይራሉ፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የኮይሉ አይደለም። ኮይሉ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች ሲኖሩት፣ ወፍራሙ ለመምቻ፣ ቀጭኑ ደግሞ የተነሣውን ፍሊፐር ሳይግል ይዞ ለማቆየት ያገለግላል። ከአንዱ ወደ ሌላው የምታሸጋግረው በምቱ መጨረሻ ላይ የምትከፈት ትንሽ ኮንታክት (የኤሌክትሪክ መገናኛ) ናት። ይህች ኮንታክት ከጠቆረች ወፍራሙ ሽቦ በቂ ኤሌክትሪክ አያገኝም፤ ጭራሽ ካልተከፈተች ደግሞ ኮይሉ ግሎ ይቃጠላል። ስለዚህ በቀጭን ሞረድ ቀስ ብሎ ማጽዳት፣ ከዚያም ፍሊፐሩን በእጅ አንሥቶ ኮንታክቷ መጨረሻው ላይ ብቻ በግልጽ መከፈቷን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ድካሙ ከቀጠለ የኮይሉን የውስጥ ቱቦ ማጽዳት ወይም መቀየር ይበጃል፤ ዘይት ግን አቧራ ሰብስቦ ስለሚያጣብቅ ፈጽሞ አይቀባም። በኋለኞቹ ኤሌክትሮኒክ ማሽኖች ላይ ያሉትን በወርቅ የተለበጡ የሰሌዳ ኮንታክቶች ሞረድ ስለሚያበላሻቸው፣ በንጹሕ ወረቀት ብቻ መጥረግ በቂ ነው።

ማሽኑ ጨርሶ አይነሣም። ለጉዞ ሲባል ጭንቅላቱ (ነጥብ የሚታይበት የላይኛው ሣጥን) ተነቅሎ ከነበረ፣ ከታችኛው ሣጥን ጋር የሚያገናኙትን ትልልቅ መሰኪያዎች ነቅሎ አጥብቆ መመለስ ነው።

ጨዋታው ገና ሳይጀመር ቲልት ይላል (ተነቀነቅሁ ብሎ ጨዋታውን ያቋርጣል)። ወለሉ ዘንበል ካለ መነቅነቅን ለመለየት በቀለበት መሀል የተንጠለጠለው ክብደት ቀለበቱን ስለሚነካ፣ ማሽኑን በውኃ ልክ ከግራ ወደ ቀኝ ማስተካከል፣ ቁልቁለቱንም በእግሮቹ ብሎን ወደ 3.5 ዲግሪ ማምጣት ያስፈልጋል፤ ክብደቱ የቀለበቱ መሀል ላይ መዋሉ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው።

ነጥብ የሚያሳየው ተሽከርካሪ የቁጥር ጎማ ይቆማል። የደረቀውን አሮጌ ግሪስ በአልኮል ማጽዳት በቂ ነው።

ፊውዝ ደጋግሞ ይቃጠላል። ከፍ ያለ አምፔር ያለው ፊውዝ መተካት እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል በሕዝብ መሀል ይቅርና በቤትም አይደረግም። ተጣብቆ የቀረ ሪሌይ ወይም ያለማቋረጥ የሚሠራ ኮይል ተፈልጎ እስኪገኝ ድረስ ማሽኑ ጠፍቶ ይቆይ።