በገዛ እጅ መኪና መሥራት፦ ሕልሙን ግቢ ውስጥ የሚያስቀሩ ስህተቶች

አዲስ አበባ መሀል መኪና ማቆሚያ እንኳ ብርቅ ነው። ስለዚህ መኪና የመሥራት አምሮት የያዘው ሰው ወደ ዳር ቢወጣ አይገርምም። ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ገላን ግቢው ሰፋ ይላል። በያጅ አይጠፋም፣ ቶርኖ ቤትም ሩቅ አይደለም። ግራይንደር ሲጮህ ጎረቤት ቢያጉረመርምም ይለምደዋል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስንቱ ሥራ ሸራ ለብሶ፣ ዶሮ ሰፍሮበት ይቀራል! ባለቤቱን ብትጠይቁት ገንዘብ አለቀብኝ ይላል። እውነት ነው፣ አልቋል። ግን ያለቀው ብዙ ጊዜ ሥራው ከጭራው ስለተጀመረ ነው፤ መልክ መጀመሪያ፣ ሌላው ሁሉ በኋላ።

የማወራው ስለ ኪት ካር ነው። አካሉን ወይም ሻንሲውን (መኪናው የሚቆምበትን የብረት አጽም) ተዘጋጅቶ ትገዛላችሁ፣ አለዚያም በፕላን ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ መሪውንና ፍሬኑን ከአንድ አሮጌ መኪና ታወጣላችሁ። ያንን አሮጌ መኪና ለጋሽ እንበለው።

መልኩን መርጦ ለጋሽ መፈለግ

ሁሉም ሰው ኮብራ ይወዳል። ካሮል ሼልቢ እ.ኤ.አ. በ1962 የእንግሊዙን የኤሲ ኩባንያ ቀላል መኪና ከአሜሪካ ቪ8 ሞተር ጋር ካጋባው ወዲህ፣ እንደ ኮብራ የተኮረጀ መኪና ጥቂት ነው። ፎቶውን ስልካቸው ላይ አስቀምጠው ለጋሽ ፍለጋ ሶማሌ ተራ የሚዞሩ ልጆች አሉ። እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ያዙ። የኮብራ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት፣ መሀል ለመሀል፣ 2286 ሚሊ ሜትር ነው። የቮልስ 2400 ነው። የላዳ 2424 ነው። አሥራ ምናምን ሴንቲ ሜትር ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል። አካሉን ስታስቀምጡት የኋላው ጎማ ከፓራፋንጎው ክብ አልፎ ይወጣል። ከዚያ ወይ አካሉ ይቆረጣል፣ ወይ ሻንሲው። ሁለቱም ያልታሰበ ወጪ ነው።

መነሻው መሆን ያለበት እዚህ ምን ይገኛል የሚለው ነው። በኔ እይታ ሦስት ለጋሾች አሉን።

ቮልስ የመጀመሪያው ነው። አካሉ ወለሉ ላይ በቡሎን ነው የታሰረው። ቡሎኑን ፈትታችሁ ስታነሡት መሪ፣ ሞተርና ጎማ ያለው ወለል ይቀራል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ብሩስ ሜየርስ እ.ኤ.አ. በ1964 የጀመረው ማንክስ ባጊ (ክፍት የአሸዋ መኪና) በኋላ የተስፋፋው በዚሁ ነው፦ የቮልስ ወለል 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል፣ ላዩ ላይ የፋይበር ግላስ አካል ይቀመጣል።

ሁለተኛው ላዳ ነው። ፊያት 124ን መሠረት አድርጎ የተሠራ ነው። ሞተሩ ፊት፣ የሚነዳው የኋላ ጎማ፣ አክስሉ አንድ ወጥ። ይህ አቀማመጥ ለሎተስ ሰቨን ዓይነት መኪና ልክ ነው። ኮሊን ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው ያ ሁለት ሰው የሚይዝ ክፍት መኪና ብዙ የተሸጠው ሳይገጣጠም ነው፤ በጊዜው እንግሊዝ ውስጥ ያልተገጣጠመ መኪና የሽያጭ ታክስ አይከፈልበትም ነበር። ላዳ ደግሞ ዘመኑን ሁሉ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆኖ ስለኖረ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታው መካኒክ አታጡም።

ሦስተኛው ኮሮላ ነው፤ እዚህ ግን ተጠንቀቁ። ዲኤክስ የምንለው አሮጌው የሚነዳው በኋላ ጎማ ነው። ከሱ በኋላ የመጡት በፊት ጎማ ይነዳሉ። የፊት ጎማ የሚነዳውን ሞተር አምጥታችሁ ረጅም አፍንጫ ካለው አካል ስር አትገጥሙትም። ይሠራል ከተባለ ከነካምቢዮው ከወንበሩ ኋላ ነው የሚገባው። ያ ደግሞ ሌላ መኪና፣ ሌላ ሻንሲ ነው።

ሊብሬ የሌለው ለጋሽ

ርካሽ ስለሆነ ብቻ ሊብሬ የሌለው ሬሳ መኪና መግዛት። በቃ፣ አትግዙ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ያ ነገር የግቢ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ሊብሬ ኖሮም ቁጥሩን ራሳቸው የሚያጠፉ አሉ። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር የተመታው ከኋላ ወንበር ስር፣ ወለሉ መሀል ከፍ ብሎ በሚያልፈው ቱኔል ላይ ነው። ወለሉን ለማሳጠር የሚቆረጠውም እዚያው ሰፈር ነው። በያጁ የታዘዘውን ይቆርጣል፤ ቁጥር ይኑር አይኑር የሱ ጉዳይ አይደለም። ከመቁረጣችሁ በፊት ቁጥሩን በኖራ ክበቡት፣ ፎቶ አንሡት፣ መስመሩ እንዳይነካው አድርጋችሁ ለኩ። ከዚያም በፊት ፋይሉ ያለበት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የአካል ለውጡ እንዴት እንደሚመዘገብ ጠይቁ። ግቢያችሁ ሸገር ከተማ ሆኖ የመኪናው ፋይል አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። የሚጠየቀው ፋይሉ ያለበት ነው። ቦሎ ለማሳደስ ስትሄዱ ከምትከራከሩ፣ ገና ብረቱ ሳይነካ ብትመላለሱ ይሻላል።

ሳይቀመጡበት መንደፍ

ወረቀት ላይ ሁሉም ሰው ቀጭን ነው። የሰቨን ዓይነት መኪና መርገጫው ጠባብ ነው፤ ሰፊ ጫማ ያደረገ ሰው ፍሬንና ነዳጅ አንድ ላይ ይረግጣል። ከኮምፔንሳቶና ከካርቶን የወንበሩን፣ የመሪውንና የፔዳሉን ቦታ ሥሩና ግቡበት። ጉልበታችሁ መሪውን ይነካል? ስትወጡ እጃችሁን የምታሳርፉት የት ላይ ነው? ማርሚታው ጎን ለጎን ከሆነ እዚያው ላይ ባታሳርፉት ጥሩ ነው። ፕላኑ የእንግሊዝ ከሆነ ደግሞ መሪው ቀኝ ነው። ወደ ግራ ሲዞር የመሪው ዘንግ ከማርሚታው ወይም ከካርቡሬተሩ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ይህን ከካርቶን ላይ ማወቅ በነፃ ነው።

የግቢ በር ብየዳ

ጎበዝ የበር በያጅ ሞልቶናል። ግን በር አይታጠፍም፣ አይንቀጠቀጥም፣ ሰው ጭኖ በ80 አይሄድም። በያጁ ሲጠራጠር ያወፍራል። ባለ 25 በ25 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 የሆነ ቱቦላሬ በሜትር 1.1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባለ 40 በ40፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነው 2.4 ኪሎ ነው። ለአንድ ሻንሲ 40 ሜትር ብትፈጁ ልዩነቱ ከ50 ኪሎ ያልፋል። አንድ ሰው ሁልጊዜ ጭናችሁ እንደመሄድ ነው፣ ያውም ነዳጅ የማያዋጣ ሰው። ጥንካሬው የሚመጣው ከውፍረት ሳይሆን ከሦስት ማዕዘን ነው። አራት ማዕዘኑ ባዶ ሆኖ ከታየ በሰያፍ አንድ ብረት ይግባበት።

ደግሞ ሻጩ 1.5 ነው ያለውን አትመኑ። ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱ።

ብየዳው ላይ አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ። መጀመሪያ ሁሉም በነጥብ ይያዝ። ከዚያ በሜትር ከፊት ግራ ጥግ እስከ ኋላ ቀኝ ጥግ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ ለኩ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ሻንሲው ጠሟል። አሁን ከሆነ በመዶሻ ይስተካከላል። ሙሉ ከተበየደ በኋላ ግን አይመለስም፤ መኪናው ዕድሜውን ሙሉ ወደ አንድ ጎን ይስባል። ብየዳውንም ከአንድ ጫፍ ጀምሮ አይጨርሰው። አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ፣ ብረቱ እየቀዘቀዘ።

በክረምት ፋይበር መሥራት

ዝናብ ላይ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ጊዜ አለን፣ እስቲ አካሉን እናፍስስ ይባላል። የፖሊስተር ሬዚን ብርድ አይወድም። ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ሳይደርቅ ይዘገያል፣ ላዩ እንደ ማር ሲጣበቅ ይውላል። ሱሉልታ በሐምሌ ምን እንደሚመስል ለማንም አልነግርም። ታዲያ ልጆቹ ሃርድነር (ሬዚኑን የሚያደርቀውን) ይጨምራሉ። ሃርድነሩ ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ሲበዛ ይግላል፣ ይሰባበራል፣ ከርሞ ደግሞ ቀለሙ ስር የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። እርጥበት የጠጣ የመስታወት ጨርቅም ሬዚኑን በደንብ አይዝም።

በጋ ጠብቁ። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ሙቀት ይበቃል። ጨርቁን ቤት ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። መነጽር አይቀርም፤ ሃርድነር ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋል። ሬዚኑ አፍጣኙ ለብቻው የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ አፍጣኙንና ሃርድነሩን በቀጥታ አንድ ላይ እንዳታገናኙ። ይፈነዳል። አፍጣኙ መጀመሪያ ከሬዚኑ ጋር በደንብ ይዋሐድ፣ ሃርድነሩ ከዚያ።

ቂጡን የቀሰረ ባጊ

ይሄኛው ሰው ሊገድል ይችላል። የአሮጌ ቮልስ የኋላ አክስል የሚታጠፈው ካምቢዮው ጋ ብቻ ነው። የኋላው ከፍ ሲል ጎማው ከላይ ወደ ውጭ፣ ከታች ወደ ውስጥ ይዘማል። ከባዱን የብረት አካል አንሥታችሁ ቀላል ፋይበር ስታስቀምጡ፣ ስፕሪንጉ ለድሮው ክብደት የተሠራ ስለሆነ ኋላው ይነሣል። ፎቶ ላይ ያምራል። ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲገባ ግን ጎማው ከስሩ ይታጠፍና መኪናውን ይገለብጠዋል።

መፍትሔው ስፕሪንግ መቀየር ላይሆን ይችላል። ቮልስ ኋላው ላይ ጥምዝምዝ ስፕሪንግ የለውም፤ የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ ነው ያለው። ዘንጉ በውስጥ ጫፉ 40፣ በውጭ ጫፉ 44 ጥርስ አለው። ውስጡን በአንድ ጥርስ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ውጩን በአንድ ጥርስ ወደ ተቃራኒው ስታዞሩት ልዩነቱ 0.8 ዲግሪ ያህል ነው። እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ ኋላውን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ከማውጣታችሁ በፊት በምስማር ምልክት ጫሩበት፣ ግራና ቀኙም እኩል ይሁን።

ዝቅ ማለትና ሰፊ ቸርኬ

በሌላ በኩል መሬት የሚልስ መኪና የሚወድ አለ። ከአስፋልቱ እስከ ግቢያችሁ ያለውን መንገድ አስቡ፦ ኮብልስቶን፣ የተከፈተ ቱቦ፣ ጎረቤት በራሱ ተነሣሥቶ የደለደለው ብሬከር። የመኪናችሁ ዝቅታ በዚያ መንገድ ነው የሚወሰን፤ ከቱሉ ዲምቱ በሚጀምረው የአዳማ ፈጣን መንገድ አይደለም።

ቸርኬ ላይ ደግሞ የሁለት ሚሊ ሜትር ወጥመድ አለ። የላዳ አራቱ ቡሎኖች የሚቀመጡበት ክብ 98 ሚሊ ሜትር ነው። የብዙ ሌላ መኪና 100 ነው። ቸርኬው በጉልበት ይገባል፣ ይጠብቃልም። ግን መሀሉን አይዝም፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቡሎኑም አንድ ቀን ይበጠሳል። ዲኤክስ 114.3 ነው። ቮልስ እስከ እ.ኤ.አ. 1967 አካባቢ የተሠራው ባለ አምስት ቡሎን 205፣ ከዚያ ወዲህ ባለ አራት 130 ነው።

ከፍታውን መርሳት

መጽሔት ላይ ያነበባችሁት የፈረስ ጉልበት ባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። አዲስ አበባ 2350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን ያንኑ ያህል ያጣል። 34 ፈረስ የነበረው ባለ 1200 ቮልስ ወደ 27 ይወርዳል። እንጦጦን ወደ ሱሉልታ ስታልፉ ደግሞ ከዚህም ያንሳል። በቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ነዳጅ ያበዛል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል። ትንሽ የሚያንስ ጂግለር (ነዳጁ የሚያልፍበት መጥኖ የተበሳ ብረት) ይግባለት። በውኃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ እዚህ ክፍት ውኃ በ92 ዲግሪ እንደሚፈላ አትርሱ። የራዲያተር ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ሞተሩ ያለጊዜው ያፈላል።

ኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም፤ ከፍታው ጉልበቱን አይነካውም። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ ሐሳቡ ብዙዎችን እየሳበ ነው። እኔም አልቃወምም። ነገር ግን 20 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከመቶ ኪሎ በላይ ነው። ኋላ ሻንጣ ውስጥ በመጨረሻ የሚጨመር ዕቃ ሳይሆን ሻንሲው ሲነደፍ መሀል ላይ፣ ዝቅ ብሎ ቦታ የሚያዝለት ነው።

ገመዱ ለመጨረሻ

ፋይበር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በብረት መኪና መብራቱ መሬቱን፣ ማለትም ኔጋቲቩን፣ የሚያገኘው ከአካሉ ነው። በፋይበር ላይ ለእያንዳንዱ መብራት የራሱ ኔጋቲቭ ገመድ እስከ ሻንሲው መሄድ አለበት። ይህ ሲረሳ ፍሬቻ ስታበሩ የፊት መብራቱ አብሮ ይጣቀሳል፣ ፍሬን ስትረግጡ ዳሽቦርዱ ይበራል። ኤሌክትሪሺያኑ ፊውዝ ሲቀያይር ይውላል። ገመዱን አካሉ ከመታሰሩ በፊት ዘርጉት።

ጣሪያም እንዲሁ። ክፍት መኪና ለጥቅምት ጥሩ ነው። ለሐምሌ ዝናብና ለመጋቢት አቧራ ሸራም ቢሆን የሚታሰርበት ነገር ሻንሲው ላይ አሁኑኑ ይበየድ።

ቀለም መቸኮል

ብረቱ እንደሆነ፣ ፋይበሩ እንዳልተቀባ፣ ዝገት መከላከያ ብቻ ጠጥቶ መጀመሪያ ይነዳ። የታርጋውና የፈቃዱ ጉዳይ ካለቀ በኋላ፣ ቅዳሜና እሑድ ሰፈር ውስጥ፣ ቀስ ተብሎ። ቡሎኖች ይላላሉ፣ ይጠበቃሉ። የሆነ ቦታ ብየዳ ይሰነጠቃል፤ ቀለም ከሌለ ቶሎ ይታያል። የሆነ ነገር ይፋጫል፣ ይቆረጣል። ይህ ሁሉ ሲያበቃ ሙሉ በሙሉ ይፈታና ስቱኮውም ቀለሙም ያኔ ይመጣል። ከዚያ በፊት ስለ ቀለም የሚያወራ ጓደኛ ግቢያችሁ ከመጣ፣ ካቻቢቴ አስይዙት።