መዝገቡ አረንጓዴ፣ ሠራተኛው ያልሠለጠነ፦ የደህንነት ሥልጠና ክትትል ችግሮችና መፍትሄያቸው

ይህ ጽሑፍ ከቃሊቲ እስከ ዱከም ባሉ ፋብሪካዎች የሥልጠና መዝገብ ለሚይዙ ሴፍቲ ኦፊሰሮችና የኤችአር (የሰው ኃይል) ሠራተኞች ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋና ጥንቃቄ እንዲያሳውቅ እንደሚያስገድድ ታውቃላችሁ። የፊርማ ወረቀት መያዝንም ታውቃላችሁ። መዝገቡ በኤክሴል የተያዘ ነው፤ የሥልጠናው ጊዜ ያለፈበትን ሠራተኛ ቀይ፣ ያላለፈበትን አረንጓዴ ያሳያል። በቀጥታ ወደ ብልሽቶቹ ልግባ።

ምልክት፦ ሥልጠናቸው በወሩ ከ1 እስከ 12 ባለው ቀን የሚያበቃ ሠራተኞች ሁሉ ቀይ ናቸው። ከ13 ጀምሮ ያሉት ሁሉ አረንጓዴ ናቸው።

በየፋብሪካው ደጋግሜ የማገኘው ይሄንን ነው። መዝገቡን የሚይዙት ግን ቀኑን ከቀለሙ ጋር አያይዘው ስለማያዩት ሳያውቁት ዓመት ያልፋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኤክሴል የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። ኅዳር 12ን 12/3/2018 ብላችሁ ስትጽፉ፣ ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አቀማመጥ ከሆነ (አብዛኛው እንደዚያ ነው) ዲሴምበር 3፣ 2018 ብሎ ይይዘዋል። የፈረንጆቹ 2018 ካለፈ ቆይቷል። ስለዚህ ቀይ ይሆናል። ኅዳር 25ን 25/3/2018 ብላችሁ ስትጽፉስ? 25ኛ ወር የለም። ኤክሴል ቀን መሆኑን ይተወውና ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል። ሲያወዳድር ደግሞ ጽሑፍ ከየትኛውም ቁጥር ይበልጣል ብሎ ነው የሚቆጥረው። «ቀኑ ከዛሬ ይበልጣል ወይ?» ብላችሁ ፎርሙላ ስትጠይቁት መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ያ ሠራተኛ እስከ ጡረታው አረንጓዴ ነው ማለት ነው።

ገላን ውስጥ አንድ ፋብሪካ ኤችአሩ ቀዮቹን ሰብስቦ እንደገና ሊያሠለጥን አዳራሽ አስገብቷቸው ነበር። ብዙዎቹ በቅርቡ የሠለጠኑ ናቸው። ማሽን አስቁመው መጥተው ያጉረመርማሉ፤ እውነታቸውን ነው። አረንጓዴዎቹ ውስጥ ግን አንድ የፎርክሊፍት ሹፌር ነበር። የወረቀት ፋይሉን ስናገላብጥ ሥልጠናው ያበቃው በ2015 ነው። መጋዘን ስንወርድ ጭነቱን ከዓይኑ በላይ ከፍ አድርጎ፣ ሰው በሚመላለስበት መተላለፊያ እየነዳ አገኘነው። አለቃው «እሱማ መዝገብ ላይ ደህና ነው» አለን።

ጽሑፍ የሆነውን ቀን በዓይን መለየት ይቻላል። ማንም አሰላለፉን ካልነካው ትክክለኛ ቀን ወደ ሴሉ (ወደ ሳጥኑ) ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል። ኮለሙን መሃል አድርጋችሁ አታስውቡት፤ ያለችውን ምልክት ታጠፏታላችሁ።

መፍትሄው ይኸውና። ቀኑን በአንድ ሴል አትጻፉ። ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት ኮለም ለየብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይግቡ። አራተኛው ኮለም ላይ ይህን አስሉ፦ ዓመቱ ሲባዛ በ365፣ ሲደመር ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ የሚገኘው ሙሉ ቁጥር (ቀሪው ይጣላል)፣ ሲደመር ወሩ ሲባዛ በ30፣ ሲደመር ቀኑ፣ ሲቀነስ 691194። የሚወጣው ቁጥር ኤክሴል ለዚያ ቀን በውስጡ የሚይዘው ቁጥር ነው። መሞከሪያው መስከረም 1 ቀን 2018 ነው፤ 45911 መምጣት አለበት። ሴሉን ወደ ቀን ስትቀይሩት ሴፕቴምበር 11፣ 2025 ይላል። ሌላ ቁጥር ከመጣ አትቀጥሉ። ጳጉሜንም በወር 13 ይሠራል። ከዛሬ ጋር የምታወዳድሩት ይህንን አራተኛውን ኮለም ብቻ ነው።

የድሮውን መረጃ ከፊርማ ወረቀቱ መልሳችሁ አስገቡ። ከኤክሴሉ አትቅዱ። ዱከም ላይ አንዱ «7 ዓመት ልጨምርበትና ይስተካከላል» ብሎ ፋይሉን ሙሉ አበላሽቷል። ጥቅምት 5 ቀን 2018 ትክክለኛው ኦክቶበር 15፣ 2025 ነው። በተለመደው መንገድ 5/2/2018 ተብሎ ሲገባ ሜይ 2፣ 2018 ይሆናል። 7 ስትጨምሩበት ሜይ 2፣ 2025 ይመጣል። ከአምስት ወር በላይ ስህተት ነው፤ ሲያዩት ግን ትክክል ይመስላል። ዋናው ጣጣ እሱ ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ኢንስፔክተር ሊመጣ ነው ሲባል ሴሎቹን በእጅ አረንጓዴ የሚቀቡ አሉ። እባካችሁ ይቅር። የተቀባው ሴል ከዚያ በኋላ ማንንም አያስጠነቅቅም፣ ማን እንደቀባውም አይታወቅም። በፍላሽ ከጓደኛ የሚገለበጥ ቅጽም እንዲሁ ነው። ውስጡ የማን ፎርሙላ እንዳለ ሳታዩ ስም አትሙሉበት።

ምልክት፦ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይታያል፣ ወይም ሠልጥኖ «አልሠለጠነም» ይላል።

ጸሐይ፣ ፀሐይ፣ ፀሀይ። ለእኛ አንድ ሰው ናት፣ ለኤክሴል ሦስት። በስም አትፈልጉ፣ በባጅ ቁጥር ፈልጉ። የለቀቀ ሠራተኛን ባጅ ቁጥር ለአዲስ ገቢ አትስጡ፤ የሌላ ሰው ሥልጠና አብሮ ይወርሳል።

ምልክት፦ አደጋ የሚደርሰው አዲስ ገቢዎች ላይ ነው፣ መዝገቡ ግን ሙሉ ነው።

«ሙከራውን ይጨርስና ይሠልጥን» ስለሚባል ነው። የሙከራ ቅጥር እስከ 60 የሥራ ቀን ይሄዳል። ያን ሁሉ ጊዜ ልጁ ማሽን ላይ ነው፣ ስሙ ግን መዝገብ ውስጥ የለም። ባጅ በሚሰጠው ቀን ስሙ ይግባ። ማሽን ሳይነካ ይሠልጥን። በኤጀንሲ የመጡትም እንደዚሁ።

ምልክት፦ የሌሊት ሽፍት ሁልጊዜ ወደኋላ ይቀራል። ሥልጠናውን ወደ እነሱ ሰዓት ውሰዱት። ሌሊቱን ሙሉ የሠራን ሰው ጠዋት አስቀምጦ ማሠልጠን ማስተኛት ነው።

ምልክት፦ ከማሸጊያ ወደ ቦይለር የተዛወረው «ሠልጥኗል» ይላል። የሠለጠነው ለማሸጊያ ነው። ዝውውር ሲፈረም አዲስ መስመር ይከፈት።

ምልክት፦ ፊርማው ሙሉ ነው፣ እሳት ማጥፊያ ሲሰጣቸው ግን ፒኑን የሚነቅል የለም።

መጀመሪያ የሠለጠኑበትን ቋንቋ ጠይቁ። ገላንና ሰበታ አካባቢ አፋን ኦሮሞ፣ ወላይትኛ ወይም ሀዲይኛ የሚቀናው ሠራተኛ ብዙ ነው። ሁለት ሰዓት በአማርኛ ሰምቶ ፈርሞ ይወጣል። የገባው ምን ያህሉ እንደሆነ ወረቀቱ አይናገርም። መዝገቡ ላይ «ቋንቋ» እና «ሠርቶ አሳይቷል» የሚሉ ሁለት ኮለሞች ጨምሩ። ሁለተኛውን አሠልጣኙ አይሙላው። የክፍሉ ሱፐርቫይዘር ከሥልጠናው ማግስት ሠራተኛው ሥራ ቦታ ሄዶ ፒኑን ሲነቅል፣ ወይም ማሽኑን አጥፍቶ ሲቆልፍ በዓይኑ አይቶ ይፈርምበት። ያ ፊርማ እስኪገባ ድረስ ፎርሙላው ቀይ ያሳይ።