የእግር ደም ሥር ችግር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልብ ደምን ወደ እግር ለማውረድ አይቸገርም፤ ጭንቁ መመለሻው ላይ ነው። ከቁርጭምጭሚት ሽቅብ የሚወጣውን ደም የሚገፋው በየእርምጃው የሚጨመቀው የባት ጡንቻ ነው። የተገፋው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዙት ደግሞ በደም መልሶች ውስጥ ያሉት፣ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ትናንሽ ክዳኖች ናቸው። ክዳኖቹ ሲላሉ ደሙ ታች ይጠራቀማል፤ ከቆዳ ሥር ያሉት ሥሮችም ይለጠጣሉ፣ ይጠማዘዛሉ። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሰፉ ቫሪኮስ ቬን ይባላሉ። ዘር፣ እርግዝና፣ ዕድሜ፣ ውፍረትና ቆሞ መዋል ያመጡታል። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ የሚቆመውም፣ ምጣድ ላይ የምትውለውም፣ ሌሊቱን ማኅሌት የሚቆመውም ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን የመመለስ ችግር የደም መበላሸት ወይም የጅማት ሕመም አድርጎ ከማየት ነው።

«የተበላሸ ደም ነው» ብሎ ማስወጣት

ያበጠውን ሥር በምላጭ በጥቶ በዋግምት ማስመጠጥ ዛሬም አልቀረም። ያ ሥር ውስጥ ያለው ደም ግን ከሌላው የሰውነት ደም የተለየ አይደለም፤ መመለሻ አጥቶ የቆመ ነው። ቢቀዳም ክዳኑ አልተጠገነምና ታካሚው ብድግ ሲል ሥሩ ወዲያው ይሞላል። የሚተርፈው ቁስሉ ነው። ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው ቆዳ ደም በአግባቡ ስለማይመላለስበት ትንሽ ብጣት እንኳ ለወራት ላይድን ይችላል። ምላጩና ቀንዱ ከሰው ሰው ሲዞሩ ሄፓታይተስ ቢንና ኤች አይ ቪን ያስተላልፋሉ።

ሥሩ ፈንድቶ ሲደማ ከላይ ማሰር

ቆዳው የሳሳበት ቦታ በትንሽ ግጭት፣ አንዳንዴም እግር ሲታጠቡ በማሸት ብቻ ይፈነዳል። ብዙ ስለሚደማ ሰው ይደነግጥና ከጉልበት በታች በመቀነት ወይም በገመድ ጥብቅ አድርጎ ያስራል። ገመዱ የሚዘጋው ከላይ ያለውን የደም መልስ ነው። ደም ከልብ ወደ እግር የሚያወርደው ደም ቅዳ ጥልቅ ስለሆነ መላኩን ይቀጥላል፤ ግፊቱ ይጨምርና መድማቱ ይብሳል።

ማድረግ የሚገባዎት ይህ ነው። ወዲያው በጀርባዎ ይጋደሙ። እግሩን በወንበር ወይም በግድግዳ ላይ ከልብ በላይ ከፍ ያድርጉ። ንጹህ ጨርቅ አጥፈው የሚደማውን ነጥብ ብቻ 10 ደቂቃ ይጫኑ፤ «ቆመ እንዴ?» እያሉ በየመሐሉ ገልጠው አይዩ። ሲቆም ጨርቁን ሳያነሡ በፋሻ ጠቅልለው በዕለቱ ጤና ተቋም ይሂዱ። ካልቆመ አሁንም እየተጫኑ፣ እግሩ እንደተሰቀለ ይወሰዱ። ቆመው ወይም ተቀምጠው የቆዩ ሰዎች በዚህ ደም ሞተው ያውቃሉ፤ ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንት አስቀድሞ መንገር ይገባል።

አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ ማሳሸት

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ሕይወት የሚቀጥፈው ይኼኛው ነው። አንድ እግር በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ አብጦ ከከበደ፣ ከሞቀ፣ ባቱ ሲነካና ሲረግጡበት ካመመ፣ በጥልቁ ደም መልስ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ ወለምታ ነው ወይም ምች ነው ይልና ወጌሻ ይጠራል፤ ቅቤ ተቀብቶ ይታሻል። የረጋው ደም ሲታሽ ተቆርሶ ሳንባ ውስጥ ሊወተፍ ይችላል።

ሜትር ካለ ልዩነቱን ይለኩ። ከጉልበት ሎሚ ሥር ከፊት ለፊት የሚታወቀውን ጉብታ አጥንት ያግኙ፤ ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ወርደው የሁለቱንም ባት ዙሪያ ይለኩ። ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ነገ ይደርሳል አይበሉ። ልዩነቱ ቢያንስም ሌሎቹ ምልክቶች ካሉ መታየት አለብዎት። የሚያረጋግጠው የደሙን ፍሰት በድምፅ ሞገድ የሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድ ነው። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ሲተነፍሱ ደረት ከወጋ፣ ሳል ከደም ጋር ከመጣ ወይም ራስን ካሳተ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። አስፕሪን ውጦ መጠበቅ ሕክምና አይደለም።

ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወይም ጄሶ ታስሮለት የተኛ ሰው፣ የካንሰር ሕመምተኛና ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት የበለጠ ይጋለጣሉ። ከ4 ሰዓት በላይ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥም ይጨመርበታል። ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው መኪናው ለምሳ ሲቆም ወርዶ ይራመድ፤ ወንበሩ ላይ እያለም ተረከዙንና ጣቱን እያፈራረቀ ያንሣ።

አራስን ማስተኛት

ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን፣ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ አራሷ ከአልጋ እንዳትነሣ የሚደረግበት ቤት አለ። ገንፎውና እንክብካቤው መልካም ነው፤ ክፋቱ መተኛቱ ነው። ከወሊድ በኋላ ያሉት 6 ሳምንታት ደም የመርጋት አደጋው ከእርግዝናው ጊዜ ይልቅ የሚያይልባቸው ናቸው። በምጥ የወለደች እናት አቅሟ እንደፈቀደ በዚያው ቀን ተነሥታ ቤት ውስጥ ትራመድ፣ ውኃ በደንብ ትጠጣ። በኦፕራሲዮን የወለደችም ሐኪሟ እንደፈቀደላት ቶሎ ትነሣ።

«የአራስ እግር ማበጥ ያለ ነው» የሚለውን አባባል ለሁለቱም እግሮች ቀላል እብጠት ይተውት። አንዱ ብቻ ካበጠ፣ ወይም ከእብጠቱ ጋር ብርቱ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካለ፣ ጎረቤት ማማከሪያ ጊዜ የለም። በእርግዝና የወጡት ቫሪኮሶች ግን አብዛኞቹ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ስለሚሟሽሹ ለቀዶ ሕክምና አይቸኩሉ።

ከሰል ላይ እግር መዘርጋት

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጩ የሚታወቅ ነው። ብርዱን ለመርሳት ቅልጥምን ምድጃ ሥር መዘርጋት፣ ወይም በፍል ውኃና በጨው መዘፍዘፍ፣ የላላውን ሥር የበለጠ ያሰፋዋል። ረጅም ካልሲ ለብሰው ከእሳቱ ራቅ ይበሉ። ሸዋ ሮቢትና ቆላው ላይ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ስለሚያሰፋው እግር ከሰዓት በኋላ ሲከብድ ይታያል።

ወንበር ላይ ተቀምጦ በርጩማ ላይ እግር መጣልም እግርን ከፍ አድርጎ መስቀል አይባልም። ተጋድመው ተረከዝዎ ከልብ በላይ ይሁን፤ በቀን 3 ጊዜ፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ። ለሌሊቱ የአልጋውን የእግርጌ ሁለት እግሮች በጡብ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ያንሡት። ሲተኙ ትንፋሽ የሚያጥርዎት ከሆነ ግን ይህን ከሐኪም ሳይማከሩ አያድርጉ። ቆሞ መዋል ግድ የሆነበት ሰው በየግማሽ ሰዓቱ 15 ወይም 20 ጊዜ በጣቶቹ ላይ ከፍ ዝቅ ይበል፤ መቋሚያ ተደግፎም ይቻላል።

ላስቲክ ካልሲን በጫማ ቁጥር መግዛት

የኳስ ካልሲና ጠባብ ታይት የሚጨምቁት ከላይ ነው፤ ያ የደሙን መውጫ ይዘጋል። ለሕክምና የተሠራው ካልሲ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠብቆ ወደ ላይ እየላላ ይሄዳል። ለአብዛኛው ሰው እስከ ጉልበት የሚደርሰው፣ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚጨምቀው ይበቃል። ልኬቱ የሚወሰደው ጠዋት፣ እግር ሳያብጥ ነው፦ ከቁርጭምጭሚት አጥንት በላይ ቀጭኑ ቦታ፣ የባቱ ወፍራም ቦታ፣ ከተረከዝ እስከ ጉልበት እጥፋት ያለው ርዝመት።

ከአልጋ ሳይወርዱ ይልበሱት። እስከ ተረከዙ ገልብጠው እግርዎን ያስገቡ፣ የተረከዙን ቦታ ያስተካክሉ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ያንሸራቱ። ጣቱ ክፍት የሆነውን ካልሲ ለመልበስ ከተቸገሩ መጀመሪያ ፌስታል እግርዎ ላይ ያጥልቁ፤ ካልሲው ከገባ በኋላ በጣት በኩል ስበው ያውጡት። ጫፉ ቢረዝም በፍጹም አይጠፉት፤ የታጠፈው እንደ ገመድ ያንቃል። ማታ ይወልቃል። ለብ ባለ ውኃ በእጅ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣል። ከ3 እስከ 6 ወር ሲያገለግል ይላላል፤ እንዲሁ በቀላሉ ሱርር ብሎ የሚገባ ካልሲ ሥራውን አቁሟል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የስኳር ሕመምተኛ፣ ብዙ ዓመት ያጨሰ፣ ወይም ሲራመድ ባቱ እየተሸመቀቀ የሚያስቆመው ሰው መጀመሪያ የደም ቅዳው ይታይለት። የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ለክንዱ ሲካፈል ከ0.5 በታች ከሆነ መጭመቅ ክልክል ነው፤ ከ0.5 እስከ 0.8 ከሆነ ባለሙያ ብቻ ይወስናል።

የማይድን ቁስል ላይ ዱቄት መነስነስ

ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ከፍ ብሎ የሚወጣ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ዙሪያው ጠቆር ያለ ቁስል የደም መልስ ቁስል ነው። የቡና ዱቄት፣ ቅጠል፣ ተፈልቅቆ የተነሰነሰ የአምፒሲሊን እንክብል አያድነውም፤ ቆዳውን ያስቆጣል። ቁስሉን የሚያድነው ግፊቱን መቀነስ ነው። ትኩሳት፣ የሚዛመት ቅላትና ሙቀት ከሌለ አንቲባዮቲክ በየወሩ መውሰድም ትርፍ የለውም።

በንጹህ ለብ ያለ ውኃ ይጠቡት፣ ዙሪያውን ቫዝሊን ይቀቡት፣ የማይጣበቅ ፋሻ ከላይ ያድርጉ። ቀጥሎ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የመጭመቂያ ፋሻ ይታሰራል። እግሩ ከቅልጥሙ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይዞ፣ ከጣቶች ሥር ተጀምሮ፣ ተረከዙን ሸፍኖ፣ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሽ እየደረበ ከጉልበት በታች ሁለት ጣት ሲቀር ያበቃል። የተለመደው ጥፋት ተረከዙን ክፍት ትቶ ባቱን ማጥበቅ ነው። ጣቶቹ ከጠቆሩ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ወዲያው ይፍቱት። የመጀመሪያውን ጊዜ ነርስ አስራ ታሳይዎት። በ2 ሳምንት መጥበብ ካልጀመረ ሐኪም ይየው፤ ከ3 ወር ካለፈና ጠርዙ ካበጠ ናሙና ተወስዶ ካንሰር አለመሆኑ ይረጋገጣል።

ለማንኛውም እብጠት ላሲክስ መዋጥ

ላሲክስ ውኃ ያሸናል፣ ፖታሲየም ያጎድላል፤ የላላ ክዳን ግን አይጠግንም። ሁለቱም እግሮች እኩል ካበጡና ፊትም ጠዋት ካበጠ የኩላሊት፣ ሲተኙ ትንፋሽ ካጠረ የልብ ምርመራ ይቀድማል። ለደም ግፊት የሚሰጠው አምሎዲፒንም ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፤ በራስዎ አያቋርጡት፣ ለሐኪሙ ይንገሩ። በደጋው ቀይ አፈር በባዶ እግር ሲያርስ የኖረ ሰው እብጠት ከጣቶቹና ከውስጥ እግሩ ጀምሮ ቆዳው ከሻከረ ደግሞ ዝሆኔ ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔው በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ ነው።

ዋርፋሪን እየወሰዱ በጾም ጎመን ማብዛት

ደም ለረጋበት ሰው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መድኃኒት ቢያንስ 3 ወር ይወሰዳል። መድኃኒቱ ዋርፋሪን ከሆነ አይ ኤን አር የተባለው፣ ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካው ምርመራ ከ2 እስከ 3 መካከል መቆየት አለበት። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ የመድኃኒቱን ኃይል ይሽራል። ጎመን ክልክል አይደለም፤ አደገኛው መለዋወጡ ነው። በፍስክ እምብዛም ሳይበሉ ቆይተው በዐቢይ ጾም 55 ቀን በየዕለቱ ከበሉት ልኩ ይወርዳል፤ ሲፈስኩ ደግሞ ይወጣል። መጠኑን ዓመቱን ሙሉ ተመሳሳይ ያድርጉት፣ ጾም ሲገባና ሲወጣ ይመርመሩ። ለወገብ ሕመም ብለው ዲክሎፌናክ አይጨምሩበት፤ ጨጓራ ሊያደማ ይችላል። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ዋርፋሪን እየወሰደች ከሆነ ቶሎ ለሐኪሟ ትናገር።

ያለ ዶፕለር ሥር ማስነቀል

ጥልቁ ደም መልስ ተዘግቶ ከሆነ የቆዳ ሥሩ ያበጠው እሱን ተክቶ ስለሚሠራ ሊሆን ይችላል። እሱን ነቅሎ መጣል ለደሙ የቀረውን መንገድ መዝጋት ነው። ስለዚህ ጥልቁም የላዩም ሥር በዶፕለር ይታይ። ከዚያ በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ከውስጥ መዝጋት፣ አረፋ መድኃኒት መውጋት ወይም በቀዶ ሕክምና መንቀል እንደ ሥሩ ሁኔታና እንደ መሣሪያው መኖር ይመረጣል። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑት ቀጫጭን ቀይና ሰማያዊ መስመሮች ለመልክ ካልሆነ ሕክምና አያሻቸውም። ከሕክምናው በኋላ በዚያው ቀን መራመድ ግድ ነው፤ በዓመታት ውስጥም ሌላ ሥር ሊወጣ ይችላል።

ምርመራው ቆመው ስለሚደረግ እስከ ጭን በቀላሉ የሚሰበሰብ ልብስ ይልበሱ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ይያዙ። ማታ የሚያብጥ እግር ጠዋት ሐኪም ፊት ስለሚሟሽሽ፣ ከዋዜማው ማታ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ይሂዱ።