«ትንሿን ልግዛ ወይስ ከፍ ያለውን?»

ይህ ጥያቄ በድምፅ መልእክት ይመጣል፣ ከመኪና ፎቶ ጋር ይመጣል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ይመጣል። ሰሞኑን ደግሞ ከሀገር ቤት ወደ ውጭ ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ ከፍ ያለውን፣ ኤስዩቪ የሚሉትን፣ ገዝቶ፣ ኢንሹራንሱ ስንት እንደሆነ ሲነገረው ደንግጦ ደወለልኝ። ከገዛ በኋላ ማለት ነው። ሁሌም ከገዙ በኋላ ነው የሚደውሉት። ስለዚህ አንዴ ጽፌ ልገላገል፤ ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምልከው ይህንን ነው።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ለአገሩ አዲስ ከሆናችሁ፣ ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ የምትኖሩ ከሆነ፣ መኪናዋም የምታመላልሳችሁ ከቤት ሥራ ከሥራ ቤት ከሆነ፣ ሀችባክ ግዙ፤ የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈተውን ትንሿን መኪና ማለቴ ነው። ጎልፍ፣ ኮሮላ፣ ማዝዳ 3፣ ሆንዳ ጃዝ፣ ያሪስ፣ የቱም ይሁን፤ ብቻ በደንብ የተያዘች ትሁን። ኤስዩቪ የእውነት የሚያስፈልገው ሰው አለ፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ብዙዎቻችሁ ግን እሱ ሰው አይደላችሁም። አትቆጡ።

በመጀመሪያ ትንሽ ኤስዩቪ ምን እንደሆነ እንግባባ። እኛ «ከፍ ያለ መኪና» ሲባል ትዝ የሚለን ላንድክሩዘር ነው፤ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የሚወጣው። ሻጩ ፊታችሁ ያቆመው ትንሽ ኤስዩቪ ከዚያ ጋር ዝምድና የለውም። አብዛኛው ከፍ ተደርጎ የተሠራ ሀችባክ ነው። ሱባሩ ክሮስትሬክ ከኢምፕሬዛ ሀችባክ የወጣ ነው። የማዝዳ ሲኤክስ-30 መሠረት ማዝዳ 3 ነው። ቮልስዋገን ቲ-ሮክም ከጎልፍ ጋር አንድ መሠረት ይጋራል። ብዙ ጊዜ ሞተሩም ካምቢዮውም ያው ነው። የምትጨምሩት ገንዘብ የሚገዛላችሁ ቁመትና ክብደት ነው።

«ዕቃ ይይዛል» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ በቁጥር እንየው። የጎልፍ የኋላ ዕቃ መጫኛ 380 ሊትር ያህል ይይዛል፣ የቲ-ሮክ 445። ልዩነቱ አንድ መካከለኛ ሻንጣ ነው። ለአንድ ሻንጣ ብላችሁ ለዓመታት ተጨማሪ ልትከፍሉ ነው? የሀችባክ የኋላ ወንበር ሲታጠፍ ተጠቅልሎ የመጣ ፍራሽ ወይም ተበታትኖ በካርቶን የሚሸጥ ቁም ሳጥን ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቤት ስትቀያይሩ የምትጭኑትም ይኸው ነው።

ነዳጅ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ከፍ ያለ መኪና ይከብዳል፣ ፊቱም ሰፊ ስለሆነ ብዙ ነፋስ ይገፋል። ፍጥነታችሁ እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ከተማ ውስጥ እምብዛም የማይታወቃችሁ የነፋስ ልዩነት አውራ ጎዳና ላይ ይታወቃችኋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሃይብሪድ (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሄድ) ኤስዩቪ፣ ለምሳሌ ራቭ4 ሃይብሪድ፣ ከተራ ቤንዚን ሀችባክ ያነሰ ሊጠጣ ይችላል። ሻጭ ይህቺን ይወዳታል። እናንተ ሃይብሪድን ከሃይብሪድ፣ ቤንዚንን ከቤንዚን ጋር አወዳድሩ፤ አደባልቆ ሲያሳያችሁ ዝም አትበሉ።

ጎማ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። መኪናውን ልታዩ ስትሄዱ ጎንበስ በሉና የጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አንዲት ሀችባክ ላይ 195/65 አር 15 የሚል ታገኛላችሁ፣ አንድ ኤስዩቪ ላይ ደግሞ 235/55 አር 19። የመጨረሻው ቁጥር የቸርኬው ዲያሜትር (ከዳር እስከ ዳር በመሀሉ ሲለካ) በኢንች ነው፤ እሱ ከፍ ባለ ቁጥር ዋጋውም ከፍ ይላል። ሁለቱን ቁጥሮች ስልካችሁ ላይ ጻፉና ጎማ ቤት ደውላችሁ የአራቱን ዋጋ ጠይቁ። ይህን አድርጋችሁ ሐሳባችሁን ካልቀየራችሁ፣ እሺ፣ ግዙ።

ጎማ ካነሳን በረዶም አለ። «በረዶ አገር ነው የመጣሁት፣ ፎር ዊል ያስፈልገኛል» የሚል ሰው በዝቷል። ፎር ዊል፣ ማለትም ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክርለት መኪና፣ ያስነሳል እንጂ አያስቆምም። ቆሞ የነበረ መኪና በረዶ ላይ ሳይንሸራተት እንዲነሳ ይረዳል፤ ፍሬን ስትይዙ ግን ሁሉም መኪና አራት ጎማ ነው፣ የሚይዛችሁም ጎማው ነው። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ላስቲኩ ይደርቃል፣ መሬቱን መጨበጥ ያቅተዋል። ደህና የክረምት ጎማ ያሰረች ሀችባክ፣ የበጋ ጎማ ካሰረ ፎር ዊል ኤስዩቪ ቀድማ ትቆማለች። የክረምት ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና መሀሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት ያለበትን ምልክት ፈልጉ። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን በቂ አይደለም፣ ያንን ጽሑፍ ለማግኘት ጎማው በረዶ ላይ መፈተን አያስፈልገውም።

ደግሞ ፎር ዊል የሆነ መኪና አንድ ጎማው ከተቀደደ ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ መቀየር አይቻልም። የአራቱ ጥርስ ተቀራራቢ ካልሆነ ጉልበት የሚያከፋፍለው ክፍል ሊጎዳ ይችላል። አንድ ሚስማር የሁለት፣ አንዳንዴም የአራት ጎማ ወጪ ሊያመጣባችሁ ይችላል። በዚያ ላይ መንገድ ላይ የምታዩአቸው ትንንሽ ኤስዩቪዎች ብዙዎቹ ፎር ዊል እንኳ አይደሉም፤ የፊት ጎማ ብቻ ነው የሚጎትታቸው። ይህን ሳያውቅ የገዛ ሰው አውቃለሁ። ሁለት ክረምት «ፎር ዊል ነው የምነዳው» ሲል ከርሟል።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ። እኔንም በልቶኛል፤ ስለዚህ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ሻጩ ያስቀምጣችኋል፣ ስለ ሥራችሁ ይጠይቃችኋል፣ ፈገግ ይላል። ከዚያ «በወር ስንት መክፈል ትችላለህ?» ይላል። ደግነት ይመስላል። አይደለም። የወሩን ቁጥር ከአፋችሁ ካወጣችሁ በኋላ የመኪናው ዋጋ ከጠረጴዛው ላይ ይነሳል፣ ወሬው ሁሉ ስለ ወር ይሆናል። እኔ የገባሁት ሀችባክ ልገዛ ነበር። ክፍያዋን በአራት ዓመት አስልቶ አሳየኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና «በዚችው ክፍያ እኮ ያንን ኤስዩቪ መውሰድ ትችላለህ» አለኝ፣ በመስኮቱ እያሳየኝ። ክፍያው የእውነትም ያው ነበር። የወሩ ብዛት ግን 48 መሆኑ ቀርቶ 72 ሆኗል። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ ጣቱ ግን ያረፈው የወሩ ክፍያ ላይ ነበር።

ስሌቱን እናንተው ሥሩት፣ ገንዘቡ ዶላርም ይሁን ዩሮ ለውጥ የለውም። 20 ሺህ በ9 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ለ48 ወር ብትበደሩ በወር 498 ገደማ ትከፍላላችሁ። ይህንኑ 498 ወደ 72 ወር ዘርጉት፤ በዚያው ወለድ 27 ሺህ 600 ገደማ መበደር ትችላላችሁ። የወሩ ክፍያ አንዲት ሳንቲም አልጨመረም። በመጀመሪያው መንገድ ጠቅላላ 23 ሺህ 900 ገደማ ከፍላችሁ ትገላገላላችሁ። በሁለተኛው ወደ 35 ሺህ 900 ትከፍላላችሁ። ወለዱ ብቻ ከ3 ሺህ 900 ወደ 8 ሺህ 200 አካባቢ ወጣ። «በዚችው ክፍያ» ማለት ይህ ነው።

የባሰው ደግሞ ከዚህ ይቀጥላል። የመኪና ዋጋ በፍጥነት የሚወርደው መጀመሪያ ላይ ነው። ዕዳው በተቃራኒው መጀመሪያ ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚቀንሰው፣ ምክንያቱም ወለድ ከመጀመሪያዎቹ ክፍያዎች የሚወስደው ድርሻ ከኋለኞቹ ከሚወስደው ይበልጣል። ስለዚህ ለተወሰኑ ዓመታት ዕዳችሁ መኪናው ከሚያወጣው ሊበልጥ ይችላል። ሥራ ቀይሬ ሌላ ከተማ ልሄድ ስል፣ መኪናውን ሸጬ ዕዳውን ልዘጋ አሰብኩ። ሽያጩ ዕዳውን አይሸፍንም። መኪናውን ለመገላገል ከኪሴ መጨመር ነበረብኝ! አደጋ ደርሶበት ከጥቅም ውጭ ቢሆንም ያው ነው፤ መደበኛው ኢንሹራንስ የሚከፍለው መኪናው በዚያን ቀን የሚያወጣውን እንጂ የእናንተን ዕዳ አይደለም። እየከፈላችሁ የምትቀሩት ለሌለ መኪና ነው።

ስለዚህ የወሩን ቁጥር አትናገሩ። ቢጠይቃችሁ «መጀመሪያ የመኪናውን ሙሉ ዋጋ ንገረኝ» በሉ፣ ቢደጋግም ደጋግሙ። ከዚያ «በመጨረሻ በጠቅላላ ስንት እከፍላለሁ?» በሉና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጻፍላችሁ። ወደ ሻጩ ከመሄዳችሁ በፊት የራሳችሁ ባንክ በስንት ወለድ እንደሚያበድራችሁ እወቁ። ተጨማሪ ዋስትና፣ የቀለም መከላከያ፣ ምናምን እያለ ብድሩ ውስጥ የሚሰገስጋቸውን አንድ በአንድ አስወጡ። «ይህ ዋጋ ለዛሬ ብቻ ነው» ካለ ብድግ በሉ፤ ነገም መኪናው እዚያው ነው። ወረቀቱን ቤት ይዛችሁ ሂዱና ቋንቋውን በደንብ የሚያነብ ሰው ያንብብላችሁ። ብዙ ቦታ ሻጩ ቢሮ ቁጭ ብላችሁ የፈረማችሁትን በማግስቱ ሐሳቤን ቀየርኩ ብላችሁ መመለስ አትችሉም። ስልክ ሲገዛ ሦስት ሳምንት የሚያማርጥ ሰው የስድስት ዓመት ዕዳ በአንድ ከሰዓት ሲፈርም ሳይ ያናድደኛል። ክሬዲታችሁ (የብድር ታሪካችሁ) ገና ባዶ ከሆነ ወለዱ ከዚህም ሊከፋ ይችላል። ትንሽ አጠራቅማችሁ ያገለገለች ሀችባክ በጥሬ ገንዘብ ብትገዙ፣ ዕዳ ከሚባለው ጣጣ ነፃ ናችሁ።

ኢንሹራንስ ላይ ደግሞ ሌላ ንዴት አለ። ሀገር ቤት አሥራ አምስት ዓመት በሰላም ነድታችሁ ይሆናል፤ እዚህ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ከአዲሱ መንጃ ፈቃድ ቀን ጀምሮ ነው። ትናንት መሪ የጨበጠ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅና እናንተ፣ በልምድ ቁጥር ኮምፒውተሩ ፊት እኩል ናችሁ። ከሀገር ቤት የመጣ የልምድ ወረቀት ይቀበሉ እንደሆን ጠይቁ፤ አንዱ እንቢ ቢል ሌላው ሊቀበል ይችላል። ተከራክሮ መርታት ግን አይታሰብም፣ ዋጋ ማወዳደር ይሻላል። ከመግዛታችሁ በፊት የሁለቱንም መኪኖች ታርጋ ወይም ባለ 17 ፊደልና ቁጥር መለያቸውን ይዛችሁ ዋጋ አስጠይቁ። ያ የደወለልኝ ልጅ ይህን አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው ያልሠራው።

ኤስዩቪ የሚያስፈልገው ማን ነው? ወገቡን ወይም ጉልበቱን የሚያመው ሰው፣ አንድ። ሀችባክ ውስጥ ትወርዳላችሁ፣ ኤስዩቪ ውስጥ ቁጭ ትላላችሁ። እናትህ ወይም አባትህ አብረውህ የሚኖሩ ከሆነ ይዘሃቸው ሂድና ራሳቸው ይግቡ፣ ራሳቸው ይውጡ፤ የበሩን ጫፍ ጨብጠው እንዴት እንደሚነሱ እያቸው። መልሱን እዚያው ታገኘዋለህ። ሌላው ትንንሽ ልጆች ያሉት ነው። ዩኤን አር 129 በሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃን ወንበር ደንብ የተሠራ ወንበር ቢያንስ እስከ 15 ወር ድረስ ወደ ኋላ ዞሮ ነው የሚታሰረው፣ ቦታ ይበላል። ወንበሩን ይዛችሁ ሂዱና ሻጩ እያየ እሰሩት። ከዚያ አንዳችሁ ከፊቱ ተቀመጡ። ጉልበታችሁ ዳሽቦርዱን ከነካ ያቺ መኪና ለእናንተ አይደለችም። ጋሪውንም አትርሱ፣ እሱም ገብቶ በሩ ይዘጋ። ሦስተኛው ቤቱ አስፋልት ያልገባበት ወይም በረዶ የማይጠረግበት መንገድ ላይ የሆነ ሰው ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ምክንያት በአብዛኛው ፎቶ ነው። ለፎቶ ከሆነ የጓደኛችሁ መኪና አጠገብ ቁሙ።

«ከፍ ያለ መኪና ከአደጋ ይጠብቃል» የሚለውንም እንዲሁ በጭፍን አትመኑ። ሞዴሉ በግጭት ፈተና ያገኘውን ኮከብ ተመልከቱ፣ ኮከቡ የተሰጠበትን ዓመት ጭምር። ፈተናው እየከበደ ስለመጣ የ2012 አምስት ኮከብና የ2022 አምስት ኮከብ አንድ አይደሉም።

ማቆሚያም አለ። ጎልፍ ርዝመቷ 4.3 ሜትር ገደማ ነው፣ ራቭ4 4.6። መንገድ ዳር ለሚያቆም ሰው ይቺ 30 ሳንቲ ሜትር ማታ ከሥራ ሲመለስ ትታወቀዋለች።

በመኪናችሁ ምግብ ለማድረስ ወይም ሰው ለማመላለስ ያሰባችሁ ደግሞ ከሁሉም በፊት ኢንሹራንሱ ጋ ደውሉ። የግል ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ለሥራ የሚነዳን መኪና አይሸፍንም፤ ትዕዛዝ ይዛችሁ ስትሄዱ ብትጋጩ «ይህ የንግድ ሥራ ነው» ብለው ሊተዉአችሁ ይችላሉ። ይሸፍናል ካሏችሁም በስልክ አይበቃም፣ በጽሑፍ ይላኩላችሁ።